ከካውንቲ ጄል የተመለሰ ፖስታ

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ጎዳና፣ ፌርፋክስ፣ ወጣ ብዬ ነበር። ባለሱቋ ልጅ ሒሳቤን ከመቀበሏ በፊት “አንድ ደቂቃ ጋሼ፣ ሶሪ” አለችኝና ስልኳን በአውራ ጣቷ ትነካካ ጀመር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለማውቃት ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። “ለአክስቴ ልጅ ብር እየላክሁለት ነው። ጄል ገብቷላ! ስቱፒድ ነገር ነው፣ ላይሰንስ ሳይኖረው ድራይቭ ሲያደርግ ያዙት።” ይህን ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ጢን አለ። “ይኸው፣ አለቀ” አለች። መድረሱን በምን አወቅሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ የሙያ በሽታ ነው። ስልኩን አዙራ አንድ አረንጓዴ ምልክት አሳየችኝ። “ደርሷል ይላላ፣ ጋሼ!” አለችኝ፣ ለሽማግሌ በሚሰጠው ትዕግሥት።

በርበሬዬን ታቅፌ ወጣሁ። መኪናዬን ፓርክ ያደረግሁበት ደርሼ በሩን ሳልከፍት ቆሜ ቀረሁ። የድሮ ጎረቤቴ እትዬ ሀዋ ያንን አረንጓዴ ምልክት ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እያሰብኩ ነበር። የሚሉትን አውቀዋለሁ። “ማን ነው ደርሷል ያለው?” ነበር የሚሉት። ይህንን ጥያቄ እየጠየቅሁ ዕድሜዬን ሙሉ ደመወዝ በልቼበታለሁ፤ ያን ጊዜ እሳቸው መልሰው ሲጠይቁኝ ግን የምለው ጠፍቶኝ ነበር።

ነገሩ ኦሎምፒክ እዚህ ከተማችን ከተደረገ በኋላ ነው። ምን ያህል በኋላ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልጽፍም። ቤንዚን በጋሎን ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም፣ የመንገድ ስልክ ሀያ ሳንቲም ይውጣል፣ የደብዳቤ ቴምብር ሀያ ሁለት ነው። ፌርፋክስ ያኔ በእኛ ስም አይጠራም። ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ድረስ ያሮጌ ዕቃ መሸጫዎች፣ የሶፋ ልብስ የሚቀይር አንድ አርመን፣ ዶናት ቤት፣ ማሽኖቹ ግማሽ ጊዜ የሚበላሹ የልብስ ማጠቢያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የመጠጥ መሸጫና በሩ ላይ የተተከለ የመንገድ ስልክ ነበሩ። የሐበሻ ቤት ቢባል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ ሰሐን ጥብስ አዘን ለሦስት እንቀርባለን፤ ባለቤቷ ታየንና ተጨማሪ እንጀራ ሳታስከፍል ትወረውርልናለች። አለባበሳችንን ዛሬ በፎቶ ሳየው ያስቀኛል። ከበጎ አድራጎት ሱቅ የተገዛ፣ ትከሻው ስፖንጅ የታጨቀበት የሞተ ፈረንጅ ኮት፤ ከሥሩ ነጭ ካልሲ። ፀጉራቸውን በቅባት የሚያጠቀልሉ ወጣቶች ነበሩ፤ አውቶቡስ ውስጥ ተደግፈውት የተነሡትን መስኮት በቅባቱ ታውቀዋለህ። ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ከውሃ ሥር ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ቢሆንም ሁላችንም ግጥሙን እንከተለዋለን፤ ያልተሰማውን ቃል እያንዳንዱ የመሰለውን እየጨመረበት፣ በኋላም በዚያ እየተጣላ።

እኔ ዌስትውድ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ መኪና አቆም ነበር፤ የሌላ ሰው መኪና ማለቴ ነው። አገር ቤት ግን ጋዜጠኛ ስለነበርኩ፣ ከመሥሪያ ቤት ጋር የሚያነካካ ጉዳይ ያለው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። እንግሊዝኛዬ ከነሱ በልጦ አይደለም። ጠይቆ መልስ ይዞ መመለስ ሥራዬ ስለነበር ነው። ሁለት ምንጭ ያልተስማማበትን ነገር አልጽፍም፤ ያልጻፍኩትን ነገርም አላወራም። ሰዎች “ጋዜጠኛው ካለ እውነት ነው” ይሉ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም።

እትዬ ሀዋ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የደሴ ሴት ናቸው። ታክሲ የሚነዳው ልጃቸው ኑሩ ነው ከሱዳን ያስመጣቸው። ከቤት ብዙም አይወጡም። ለሥጋ ብቻ ፒኮ ሮበርትሰን ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በአካባቢያችን ሐላል የሚሸጥ ስላልነበረ ከአይሁዶቹ ነበር የሚገዙት። ከባለ ጢሙ ሥጋ ሻጭ ጋር አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ረጅም ክርክር ገጥመው፣ የፈለጉትን ብልት ይዘው ይመለሳሉ። የሚያውቁት እንግሊዝኛ ኑሩ ያስተማራቸው ብቻ ነው። ስልክ ሲደወል ድምፁ የሐበሻ ካልሆነ “ኖ ታንኪው” ብለው መዝጋት። ምንጣፍ እናጥባለን፣ መጽሔት እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይደውሉ ነበርና። ስልኩ በኑሩ ስም ስለሆነም ሁሉም ኑሩን ነው የሚጠይቁት።

ኑሩ የመኪና ቅጣት ሲሰጠው ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ይከታል። “ሲሞላ እከፍለዋለሁ” ይል ነበር። ከመሙላቱ በፊት ፍርድ ቤት ጠራው፤ አልሄደም። አንድ ቀን አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ፖሊስ መታወቂያውን አየና ይዞት ሄደ። ዳኛው ለጥቂት ሳምንት እስር ፈረደበት። ወሬውን ለእናቱ ያመጣው፣ እኔንም አብሬው እንድወጣ የጠራኝ፣ አብሮት ታክሲ የሚነዳው ግርማ ነው። ግርማ የጎንደር ልጅ ነው፤ መጥፎ ወሬ ሲያመጣ ፈገግ ይላል።

“እትዬ፣ አይደንግጡ። ኑሩ ትንሽ ሪላክስ ሊያደርግ ነው የገባው። መኝታ አለ፣ ምግብ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። እኔም ያልከፈልኩት ቲኬት አለኝ፣ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው።”

እትዬ ሀዋ አልሳቁም። “የት ነው ያሰሩት?”

“ካውንቲ ጄል፣ ዳውንታውን።”

ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። የሽንኩርት ሽታ ሲመጣ ነው ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባን። በማግስቱ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ቋጥረው፣ እኔንና ግርማን ግራና ቀኝ አድርገው፣ እስር ቤቱ በር ላይ ተገኙ። መስኮቱ ጀርባ ያለው ፖሊስ ቋጠሮውን አየ፣ እኛን አየ፣ ምግብ አይገባም አለ። ከፈለጋችሁ መኒ ኦርደር፣ የገንዘብ ማዘዣ ወረቀት፣ ገዝታችሁ፣ የእስረኛውን ስምና ቁጥር ጽፋችሁ፣ በፖስታ ላኩለት።

“ምን አለ?” አሉኝ እትዬ ሀዋ።

“ምግብ አይገባም፣ ብር ላኩለት ይላል።”

“ብር ይበላል እንዴ?”

“ውስጥ ሱቅ አለ። የፈለገውን ይገዛበታል።”

“መብላቱን በምን አውቃለሁ?”

ወጣት አንባቢ ይህ ጥያቄ ሊያስቀው ይችላል። የእኛ ዕድሜ ሰው ግን አይስቅም። ያ ጊዜ፣ የቱ ጊዜ እንደሆነ ማብራራት የማያስፈልገው ያ ጊዜ፣ አገር ቤት ለታሰረ ሰው ስንቅ የሚያቀብል ቤተሰብ ደብዳቤ የለውም፣ ጥየቃ የለውም። ያለው ምሳ ዕቃ ብቻ ነው። ሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል። ሴቶቹ ባዶውን ያነቡታል፤ ጥጉ ተበልቶ መሐሉ ከተተወ ታሟል፣ ታጥቦ ከወጣ ደህና ነው። የእትዬ ሀዋ ታላቁ ልጅ ሰይድ በታሰረ ጊዜ ፎጣውን ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ይመልስላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበል ገፋ አደረገው። “እዚህ የለም፣ ተዛውሯል” አላቸው። ወዴት ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከኋላቸው የተሰለፈች ሴት እጃቸውን ይዛ ወደ ጎን ጎተተቻቸው። ስንቅ ከተመለሰ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ በሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ያውቃል። ይህንን እሳቸው ነግረውኝ አይደለም። ኑሩ ነው የነገረኝ፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፣ ያ ምሳ ዕቃ ከነምግቡ ቤት ሲመለስ ግን አይቷል።

ስለዚህ እስር ቤቱ በር ላይ እትዬ ሀዋ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ግርማ ሊያረጋጋቸው ፈለገ።

“እትዬ ይስሙኝ። እዚህ አገር ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው። የላኩት ብር ካልተመለሰ በላው ማለት ነው። ኦኬ?”

“ከተመለሰስ?”

“አይመለስማ!”

መኒ ኦርደሩን ጥጉ ላይ ካለው የመጠጥ መሸጫ ገዛን፤ ያኔ ለእኛ ባንካችን እሱ ነበር። እትዬ ሀዋ በሩን አላልፍም ብለው ውጭ ቆመው ጠበቁ። አድራሻውን እኔ ጻፍኩ፣ ምላሳቸውን አውጥተው ቴምብሩን ያረጠቡት እሳቸው ናቸው። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከከተቱት በኋላ መክደኛውን ደግመው ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ያንን ምግብም ቢሆን አልጣሉትም፤ ለእኔና ለግርማ አቀረቡልን። እምቢ ማለት አልቻልንም፣ መብላትም ከበደን።

ከዚያ ሳምንት አለፈ። ፖስታው ተመለሰ።

እንግሊዝኛ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። የራሳቸው ፖስታ፣ የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ላዩ ላይ ቀይ ማኅተም። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው፣ ተሸክመውት ደረጃውን ወርደው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

“ጋዜጠኛው፣ ተመለሰ።”

ማኅተሙን አነበብኩት። በቁሙ ልተርጉምላቸው እንጂ የራሴን ልጨምርበት አልፈለግሁም። “እስረኛው እዚህ የለም ይላል” አልኳቸው።

“እዚህ የለም?”

“ይኸን ነው የሚለው። ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ።”

“ተፈትቶ ቢሆን ቤቱን ያጣዋል?”

ተያይዘን ወደ መንገድ ስልኩ ሄድን፤ የእኔ ስልክ በዚያ ወር ተቆርጦ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ በቤታቸው ስልክ መስማት አልፈለጉም። ሳንቲም ከተትኩ፣ ጠበቅሁ፣ ወደ ሌላ ክፍል አዞሩኝ፣ ተቆረጠ፣ እንደገና ከተትኩ። የመጀመሪያዋ ሴት በዚህ ስም የታሰረ ሰው የለም አለችኝ። ቁጥሩን ነገርኳት፣ ቁጥሩም የለም አለች። ቆይቼ ስደውል ሌላ ሰው አነሣና “አለ፣ እዚሁ ነው” አለኝ፤ ታዲያ ፖስታው ለምን ተመለሰ ስለው የፖስታ ጉዳይ የሌላ ክፍል ነው አለ። የሌላው ክፍል ሰው ደግሞ ትናንት ፍርድ ቤት ሄዷል አለኝ፤ ኑሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል፣ ምን ፍርድ ቤት? የመጨረሻዋ “ተዛውሮ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ እስኪያሳይ ድረስ ወዴት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም” አለችኝ። ያኔ ኮምፒውተር የሚለውን ቃል እንደ ዳኛ ነበር የምንፈራው።

ስልኩን ሰቅዬ ዘወር ስል እትዬ ሀዋ አይናቸውን ፊቴ ላይ ተክለው ነበር። የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አሁን ሳስበው አንዱን መርጬ መንገር ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም፣ አላውቅም።

“ተዛውሯል አለች?” አሉ በመጨረሻ።

“ይሆናል ነው ያለችው።”

“እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።”

“እትዬ፣ እዚህ አገር እኮ...”

“እነዚያም ደመወዝተኛ ነበሩ፣ እነዚህም ደመወዝተኛ ናቸው። አንተ ለምንድነው የምታምናቸው?”

ወሬው በዚያው ቀን ፌርፋክስን አዳረሰ። ማታ ላይ የእትዬ ሀዋ ቤት በሰው ሞላ። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ዓይነት ስብሰባ አላየሁም። ለቅሶ ነው እንዳይባል የሞተ ሰው የለም፤ ጥየቃ ነው እንዳይባል የቤቱ እመቤት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ አስቀድሞ የገባውን ፊት ይመረምራል። ወሎዬዎቹ “አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል” ይላሉ፤ ይኼ ደግሞ ለታሰረም ለሞተም የሚሆን ነው። አንዷ ጎረቤታችን ጥቁር ሻሽ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጥታ፣ ሌሎቹ ምን እንደለበሱ እስክታይ ድረስ የቦርሳውን አፍ በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ዳቦ የያዘ አለ፣ ካርቶን ሙሉ ለስላሳ የያዘ አለ። ግርማ ጥግ ላይ ቆሞ ለአንድ ሽማግሌ “እኔ እኮ አይመለስም ነው ያልኩት” እያለ ይምላል። ሽማግሌው “አንተ ቲኬትህን ክፈል” አሉት።

በማግስቱም፣ በማግስቱም ስልኩ ላይ ዋልኩ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ኪሴ በሳንቲም ከብዶ ሱሪዬ ወደ ታች እየወረደ። የሰበሰብኩት መልስ እየጨመረ ሲሄድ የማውቀው ነገር እየቀነሰ ሄደ። ይህንን ለመግለጽ ይቸግረኛል። ወደ ሥራ በተመለስኩበት ከሰዓት በኋላ ዌስትውድ፣ የአንድ ፕሮፌሰር መኪና ውስጥ ተቀምጬ ቁልፉን እንዳዞርኩ፣ ኑሩ ሞቷል ብዬ እንደማምን አወቅሁ። በምን ማስረጃ? በምንም። አራት የመንግሥት ሠራተኞች አራት ነገር ነገሩኝ፤ አንዲት ማንበብ የማይችሉ ሴት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፣ ሳይለዋውጡ። የሰለጠንኩበት ሙያ ያልተለዋወጠውን ምስክር እመን ይላል። መኪናውን አቁሜ ለባለቤቱ ቁልፉን ስሰጠው አር ዩ ኦኬ ብሎ ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ሀዋ ቤት ከሰዉ መሐል ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሀዋ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው አነሡ፣ አፍታ አዳመጡ፣ “ኖ ታንኪው” ብለው ዘጉ።

“ማን ነው?” አልኳቸው።

“ያቺ ምንጣፍ አጣቢ! ሰሞኑን ጭራሽ ብሶባታል። ሰው ተጨንቋል አይባል፣ ሌት ተቀን ምንጣፍ!”

“ሁልጊዜ ያቺው ሴት ናት?”

“አንዳንዴ ሴት፣ አንዳንዴ ወንድ። ምን አውቄላቸው! ኑሩ ይላሉ፣ ይለፈልፋሉ።”

ግርማ አየኝ፣ እኔም አየሁት። አገር ቤት ለሥራ ክፍለ ሀገር ስወጣ ተቀባዩ እንዲከፍል እያደረግሁ ለዜና ክፍሉ የምደውል እኔ፣ እስረኛም ከውስጥ እንደዚያው በኦፕሬተር በኩል እንደሚደውል ቀድሜ አለማሰቤ ዛሬም ይገርመኛል። “እትዬ፣ ቀጥሎ ሲደወል እኔ ላንሣ” አልኩ። ከስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ባለ ሻሿ ሴት እንኳ ቦርሳዋን ዘግታ ወንበሯን አስጠጋች።

ሲጮህ ጮኾ ሳይጨርስ አነሣሁት። ኦፕሬተሯ በስልቹ ድምፅ ኑሩ ከሚባል ሰው የመጣ ጥሪ ነው፣ ሒሳቡን ትቀበላላችሁ ወይ ስትል የስ፣ የስ፣ የስ አልኩ። ወዲያው የሰው ጩኸት የበዛበት መስመር ተከፈተ።

“ለምንድነው የምትዘጉብኝ?” አለ ኑሩ። “እንዴ! እናቴ ምን ሆነች? ስንት ቀን ሙሉ ደወልኩ እኮ!”

“አንተ የት ነህ?”

“ዳውንታውን ሞላ ብለው ሰሜን ወዳለው አዛወሩን። ተራራ ሥር ነው። ደህና ነኝ። ምንድነው የሰው ድምፅ የሚሰማኝ? ሰርግ አለ እንዴ?”

ስልኩን ለእናቱ ሰጠሁ። ሁለት እጃቸውን አስደግፈው ያዙት። እንደሚያለቅሱ፣ እንደሚያመሰግኑ እርግጠኛ ነበርን። እሳቸው ግን ረጋ ብለው “ቆመህ ነው ተቀምጠህ የምታናግረኝ?” አሉት።

ምን እንዳለ አልሰማንም። “ለምን ተቀመጥህ?” አሉት ቀጥለው።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ለስላሳው ተከፈተ፣ ግርማ ሊጨፍር ቃጣው። እትዬ ሀዋ ግን ከመሬት አልተነሡም። እኔን ጠቅሰው ጠሩኝ። “ድምፁ የሱ ነው። እሺ። ታዲያ የላክሁለትን ለምን መለሱት?” አሉኝ። ፖስታው ከሰውየው ጋር አብሮ ሊዛወር ይገባው ነበር፤ ለምን እንዳልሆነ አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ራሳቸው መለሱት። “ምርመራ ላይ ላለ ሰው ስንቅ አይገባለትም። ቆሞ መሄድ እስኪችል ይደብቁታል። ሰው እንዳያየው ራቅ ያለ ቦታ ይወስዱታል።”

“እዚህ አገር ለመኪና ቅጣት ማንንም አይመረምሩም፣ እትዬ።”

“ውስጥ ገብተህ አይተሃል?”

አላየሁም ነበር። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አላውቅም።

እሑድ በግርማ ዳትሰን ወደ ሰሜን ነዳን። የኋላው መስኮት አይዘጋም፤ ነፋሱ የእትዬ ሀዋን ነጠላ እያነሣ ይጥለዋል። የተመለሰውን ፖስታ ጡታቸው ሥር ሸሽገዋል። ግርማ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት ግራና ቀኙን ነበር፣ ደረቁን ኮረብታ፣ አጥሩን። “እንዲህ ያለ ቦታ ምን ያደርጋሉ?” አሉ አንዴ። መጠየቂያው ረጅም ክፍል ነው፤ ወፍራም መስታወት፣ ከወዲህና ከወዲያ የተንጠለጠለ ስልክ፣ ወለሉ ላይ የተቸነከረ በርጩማ። በየመስታወቱ ፊት ሚስቶችና እናቶች ተደርድረዋል። ከመሐላቸው አንዲት የሜክሲኮ አሮጊት ከንፈሯን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ትስማለች።

ኑሩ ሰማያዊ የእስረኛ ልብስ ለብሶ እየሳቀ መጣ። ወፍሯል ማለት ይቻላል። ስልኩን አነሣና ለእናቱ በምልክት አንሺው አላቸው። እትዬ ሀዋ ስልኩን አልነኩም። ፊቱንም ብዙ አላዩት። ጣታቸውን ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ጠቆሙ። ኑሩ ወደ ታች አየ፣ ወደ እኔ አየ። ስልኩን እኔ አነሣሁት።

“ምን ትላለች?”

“እግርህን አሳየኝ ይላሉ።”

“ምን?”

“ውስጥ እግርህን።”

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። አገር ቤት በዚያ ጊዜ ሰው ሲመረመር የሚገረፈው የት ላይ እንደነበር እሱም ያውቃል። ስልኩን አንጠልጥሎ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፣ በርጩማውን ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆመና ሌላውን አንሥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ከኋላው ያለው ፖሊስ “ሄይ!” ብሎ ጮኸ። ከጎናችን ያሉት ሴቶች ዘወር አሉ፣ አንዲቱ ሳቀች። ኑሩ ያንን እግር አውርዶ ሁለተኛውን ለጠፈው። ፖሊሱ እየመጣ ነበር።

እትዬ ሀዋ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረውም። ሰንበር ፈለጉ፣ ጠባሳ ፈለጉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው መስታወቱን በወዲህ በኩል ወለወሉት፤ እንደገና አዩ። እንደገና ወለወሉት። ጥቁር ነገር አይተው ነበር፤ አልለቀቀም፤ እድፉ ከወዲያ በኩል ነበር፣ ተረከዙ ላይ።

ያኔ ነው ስልኩን ከእጄ የወሰዱት።

“ይኸን እግር ይዘህ ነው አልጋ ላይ የምትወጣው?” አሉት።

ፖሊሱ የኑሩን ትከሻ ይዞ አስቀመጠው። ኑሩ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ እኔ ከቆምኩበት መለየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። እትዬ ሀዋ ሌላ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ሲቆጡት ነበር፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ፣ ድምፃቸው ክፍሉን ሞልቶ።

ስንወጣ ገንዘብ የሚቀበሉበት መስኮት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ፖስታውን ከጡታቸው ሥር አውጥተው፣ የታጠፈውን ጥጉን በመዳፋቸው አቃንተው፣ ሰጡኝ።

“አሁን ስጥልኝ” አሉ። “ሳሙና ይግዛበት።”